ወፍ ለማየት ለምን እንከፍላለን?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። አባቴ ከአገር ቤት ሊጠይቁን መጥተው ነበርና ቅዳሜ ጠዋት ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ወፍ ለማየት ከከተማ ወጣን። ልጆቼ አንዱ 9፣ አንዷ 17 ዓመታቸው ነው። ስንደርስ መግቢያው ላይ ያለው ሰሌዳ ፓስ፣ ወይም የአደን ወይም የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ የሌለው አይገባም ይላል። እኔ የመኪናዬን ሬጅስትሬሽን ሳሳድስ የፓርክ ፓስ ከፍያለሁ። እሱ ግን እዚህ አይሠራም። አናድንም፣ ዓሣ አናጠምድም፣ ምንም አንነካም። ለማየት ብቻ ለምን እንከፍላለን? ይህ ገንዘብ የሌለውን ሰው ከተፈጥሮ ማራቅ አይሆንም ወይ? አባቴ ደግሞ ‹አገራችንም እንዲህ ቢደረግ እንስሳቱ ይተርፉ ነበር› አሉ። እውነት ነው?»

መልስ፦

እህቴ፣ በቅዳሜው ጉዳይ ልጀምር። ግራ የተጋባሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ሁለቱን ፓሶች የማያምታታ ሰው ጥቂት ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮሎራዶ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር የሚተዳደሩ ሁለት ዓይነት ቦታዎች አሉ። አንደኛው የስቴት ፓርክ ነው። የተሰናዳው ለሰው ነው። መንገዱ፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ የሽርሽር ጠረጴዛው፣ የጀልባ መውረጃው ሁሉ ለጎብኚ ታስቦ የተሠራ ነው። ሁለተኛው እናንተ የሄዳችሁበት ነው። «ስቴት ዋይልድላይፍ ኤርያ» ይሉታል። እኛ አገር «የዱር እንስሳት መጠለያ» ከምንለው ጋር ስለሚቀራረብ እኔም መጠለያ እያልኩ ልቀጥል። እነዚህ ከ350 በላይ ናቸው። የተገዙት ወይም በኪራይ የተያዙት ለእንስሳቱ ነው፤ ሰው የሚገባው በእንግድነት ነው። ብዙዎቹ ጠጠር የፈሰሰበት መኪና ማቆሚያ፣ አንድ ሰሌዳና የሽቦ አጥር ብቻ ነው ያላቸው።

ሬጅስትሬሽን ስታሳድሺ የከፈልሽው ከ2023 ጀምሮ የመጣው የፓርክ ፓስ ነው። ሲጀመር 29 ዶላር ነበር። ከሬጅስትሬሽኑ ጋር አብሮ ይመጣል፤ የማይፈልግ ሰው አልፈልግም ብሎ መተው ይችላል። እሱ የስቴት ፓርኮችን በር ይከፍታል። መጠለያዎቹን ግን አይከፍትም። የመጠለያው ፓስ ለብቻው ነው። የሚከፈለውም በመኪና ሳይሆን በሰው ነው። ዕድሜው 16 የሞላ ሁሉ የራሱን መያዝ አለበት። ስለዚህ የ9 ዓመቱ ልጅሽ በነፃ ይገባል። የ17 ዓመቷ ትከፍላለች፣ ግን ለወጣቶች የተቀነሰ ዋጋ አለ። አባትሽ ለአጭር ጊዜ የመጡ እንግዳ ስለሆኑ የአንድ ቀኑ ይበቃቸዋል። ፓሱ በ2021 ሲጀመር የዓመቱ 36 ዶላር ገደማ፣ የቀኑ 9 ዶላር ነበር። ዋጋው በየጊዜው ስለሚስተካከል ከቤት ከመውጣትሽ በፊት እዪው። ከቤተሰቡ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያለው ሰው ካለ ደግሞ እሱ ሌላ ፓስ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፓስ ይዘሽም ሰሌዳውን እስከ መጨረሻው አንብቢ። አንዳንዱ መጠለያ ወፎች እንቁላል በሚጥሉበት ወራት ይዘጋል። አንዳንዱ በበረዶው ወራት ይዘጋል። ውሻ የማይገባባቸውም አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። ምንም ካልነካሁ ለምን እከፍላለሁ?

መጀመሪያ መሬቱን ማን ገዛው? እሱን ካወቅን ሌላው ይቀላል።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ላይ ከባድ ድርቅ ወረደ። ከዚያም በፊት ለእርሻ ተብሎ ብዙ ረግረግ በቦይ ተጠንፍፎ ነበር። ድርቁ የቀረውን ጨረሰው። ዳክዬና ዝይ የሚራባበት ውሃ ጠፋ፤ ወፎቹም ተመናመኑ። በ1934 ኮንግረስ አንድ ሕግ አወጣ። ዳክዬ ማደን የፈለገ ሰው የ1 ዶላር ቴምብር መግዛት ግዴታው ሆነ። የመጀመሪያውን ቴምብር የሣለው ዲንግ ዳርሊንግ የሚባል የጋዜጣ ካርቱኒስት ነው። ሥዕሉ ላይ ሁለት ዳክዬዎች ረግረግ ላይ ሊያርፉ ሲወርዱ ይታያሉ። ዛሬ ያው ቴምብር 25 ዶላር ነው። ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲም ያህሉ ረግረግ ለመግዛትና ለመከራየት ይውላል። በዚህ ገንዘብ እስካሁን ከ6 ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬት ከእርሻና ከሕንፃ ተርፏል። ይህ ወደ 2.4 ሚሊዮን ሄክታር ይጠጋል።

ቀጥሎ በ1937 ሌላ ሕግ መጣ። ፒትማንና ሮበርትሰን በሚባሉት በሁለቱ የምክር ቤት አባላት ስም ይጠራል። በጠመንጃና በጥይት ላይ የሚጣለው ኤክሳይስ ታክስ ለዱር እንስሳት ሥራ ወደ ስቴቶች እንዲሄድ አደረገ። ሕጉ ውስጥ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ስቴቱ ከአዳኞች ፈቃድ የሚሰበስበውን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ እንዳያውል በራሱ ሕግ ካላሰረ፣ ከፌዴራሉ ገንዘብ አያገኝም። ለመንገድ አይሆንም። ለትምህርት ቤት አይሆንም። የበጀት ጉድለት መድፈኛም አይሆንም። በ1950 ደግሞ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃም በተመሳሳይ መንገድ ገባ።

እህቴ፣ እኔ በሙያዬ ከዚህች አንቀጽ የበለጠ የምወደው የሕግ ቃል የለም። ብሩ የት እንደሚያድር ቀድማ ትናገራለች። ከአዳኝ የመጣው ከእንስሳው መሬት አይወጣም። የዛሬዎቹ መጠለያዎች የተገዙትና የተያዙት በዚህ መንገድ በተጠራቀመ ገንዘብ ነው። እናንተ ቅዳሜ የቆማችሁበት ጠጠር በዋናነት የአዳኝና የዓሣ አጥማጅ ብር ነው።

ለብዙ አሥርተ ዓመታት ይህ ጥያቄ አላስነሳም። የሚመጣው አዳኝ ነበር፤ አዳኙም ከፍሏል። ከዚያ የኮሎራዶ ሕዝብ በዛ። ቤት ከመጠለያው አጥር ሥር ተሠራ። በእግር የሚንሸራሸረው፣ ብስክሌት የሚነዳው፣ ድንኳን የሚተክለው ሁሉ መጣ። ቆሻሻ በዛ፣ ሣሩ ተረገጠ፣ እንስሳቱ ሸሹ። ስለዚህ ከሐምሌ 2020 ጀምሮ 18 ዓመት የሞላው ማንኛውም ሰው የአደን ወይም የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ሳይዝ እንዳይገባ ተደነገገ።

እኔ ያን ውሳኔ ያኔም አልወደድኩትም። ዓሣ ይዞ የማያውቅን ሰው የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ግዛ ማለት ልክ አይመስለኝም። አንዱ ምክንያቴ ይህ ነው፦ የፌዴራሉ ገንዘብ ለስቴቶች ሲከፋፈል የፈቃድ ያዦች ቁጥር አብሮ ይቆጠራል። ወፍ ተመልካቹ በወረቀት ዓሣ አጥማጅ ከሆነ ቁጥሩ እውነቱን አይናገርም። ሌላው ምክንያቴ ደግሞ ክብር ነው። ሰው ሲከፍል በራሱ ስም ይክፈል። ደግነቱ ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተስተካከለ። ከግንቦት 2021 ጀምሮ ለተመልካች የሚሆን ራሱን የቻለ ፓስ መጣ።

«ምንም አንነካም» ያልሽው ከልብሽ እንደሆነ አምናለሁ። ግን ማየትም ዋጋ አለው። እስቲ ከረግረግ ዳር ያለ የዳክዬ ጎጆ አስቢ። ጎጆው መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ ነው። ዘጠኝ አሥር እንቁላል ይኖርበታል። እናቲቱ ላዩ ላይ ተኝታለች። ቀለሟ ከደረቀ ሣር አይለይም። አንድ ሰው ሦስት ሜትር ያህል አጠገቧ ሲደርስ ብር ብላ ትነሳለች። ሰውየው ይደነግጣል፣ ይስቃል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። ፊላው ማዶ ዛፍ ላይ የተቀመጠው ቁራ ግን ከየት እንደተነሳች አይቷል። ተመልሳ ስትመጣ እንቁላሉ የለም። ሰውየው ምንም አልነካም። በዚያ ጠዋት ግን እሱ ባያልፍ ኖሮ ጎጆው ይተርፍ ነበር።

የበረዶውን ወራት ደግሞ እዪ። አጋዘኖቹ የሚያገኙት ደረቅ ቁጥቋጦ ነው። እሱ ብቻውን አያኖራቸውም። የሚያኖራቸው በበጋ ያጠራቀሙት ስብ ነው። ሰው ሲመጣ ይሮጣሉ። ጉልበት በሚውጥ በረዶ ውስጥ መቶ ሜትር መሮጥ ቀላል አይደለም። አንድ ቡድን ጠዋት፣ ሌላ ቡድን ከሰዓት ካባረራቸው ያ ስብ ከወቅቱ በፊት ያልቃል። ያረገዘች አጋዘን ስቡ ካለቀባት ግልገሏም አብሮ ይጎዳል። እኛ የምናየው ሦስት አጋዘን ሲዘል ነው። በጣም ያምራል። ለእነሱ ግን ያ ዝላይ ከቀለብ የሚቀነስ ነው።

ስለዚህ ፓሱ ለእኔ የመግቢያ ትኬት ብቻ አይመስለኝም። ሁላችንም ስንገባ ለምናደርሰው ትንሽ ጉዳት የምናዋጣው ነው። አጥር ይጠገንበታል። ወራሪ አረም ይነቀልበታል። ሰሌዳውን የሚተክልና አጥፊን የሚይዝ ሠራተኛ ይቀጠርበታል።

ገንዘብ ስለሌለው ሰው ያነሳሽው ግን እኔንም ያሳስበኛል። አልሸሸውም። አራት አዋቂ ያለበት ቤት፣ በቀን ሥራና በሌሊት ታክሲ የሚኖር ቤተሰብ፣ በየሰው ተቆጥሮ ሲከፈል ይከብደዋል። ፓሱ በመኪና ቢሆን ለእኛ ዓይነት ሰፊ ቤተሰብ ይሻል ነበር። እኛ ስንወጣ አያትም፣ አክስትም፣ የጎረቤት ልጅም አብረው ነው የሚወጡት። በዕድሜ ለገፋ ወይም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ የኮሎራዶ ነዋሪ የተቀነሰ ዋጋ አለ፤ ግን ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው ነው? ሰሌዳው በእንግሊዝኛ ነው። ፓሱ የሚገዛው በብዛት በኢንተርኔት ነው። በኮልፋክስ ጎዳና ሱቅ የሚውል ወንድማችን ወይም ሆስፒታል የምታጸዳ እህታችን መረጃው ካልደረሳቸው ቅናሽ መኖሩ ምን ይጠቅማቸዋል? ቤተ ክርስቲያናችንም፣ መስጊዳችንም፣ ማኅበራችንም ይህን ማስታወቅ ይችላሉ። ከባድ ሥራ አይደለም።

በነፃ የሚገኘውንም ልንገርሽ። አብዛኛው ሰው አጠገቡ እያለ አያውቀውም። ከአውሮራ ብዙም ሳይርቅ፣ ኮሜርስ ሲቲ ውስጥ፣ ሮኪ ማውንቴን አርሰናል የሚባል የፌዴራል መጠለያ አለ። መግቢያው ነፃ ነው። ታሪኩ ይገርማል። በ1942 የኬሚካል ጦር መሣሪያ የሚመረትበት ፋብሪካ ሆኖ ነው የተከፈተው። ኋላም ፀረ ተባይ መድኃኒት ተመረተበት። መሬቱና ውሃው ተበከለ። ከዚያ በ1986 የበረዶው ወራት ንስሮች እዚያው ግቢ ዛፎች ላይ ማደራቸው ታወቀ። ራሳቸው ነጭ የሆኑት፣ የአሜሪካ መለያ የሆኑት ንስሮች። በ1992 ኮንግረስ መጠለያ እንዲሆን ወሰነ። ጽዳቱ ዓመታት ፈጀ። በ2007 ባይሰን የሚባለው የአሜሪካ ጎሽ ገባበት። በ2015 ደግሞ ከሰሜን አሜሪካ ሊጠፋ ደርሶ የነበረው ጥቁር እግር ፌሬት የሚባል ትንሽ አውሬ ተለቀቀበት። ዛሬ 11 ማይል የሚሆን የመኪና መንገድ አለው። ቤተሰብሽን ጭነሽ ቀስ እያልሽ ትዞሪያለሽ።

ሌላው ቤተ መጻሕፍት ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የስቴት ፓርክ ፓስ ያለበት ቦርሳ እንደ መጽሐፍ ያውሳሉ። ውስጡ ባይነኩላርና የእንስሳት መለያ መጽሐፍም አለበት። ይህ ለፓርክ እንጂ ለመጠለያ አይሆንም። ግን የ9 ዓመቱ ልጅ አንገቱ ላይ ባይነኩላር አንጠልጥሎ ሲወጣ የሚሆነውን ታዪዋለሽ።

ክፍያውን የምደግፍበት ሌላ ምክንያት አለኝ። የከፈለ ሰው ስብሰባ ላይ ይሰማል። አዳኞች ከ1930ዎቹ ጀምሮ በዱር እንስሳት ጉዳይ ወሳኝ የሆኑት ዝም ብሎ አይደለም። ከፍለዋል፣ ተደራጅተዋል፣ ስብሰባ ላይ ተገኝተዋል። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት አሜሪካ ውስጥ 11.5 ሚሊዮን አዳኝ ነበር። እንስሳትና ወፎች የሚመለከተው ደግሞ፣ በቤቱ አካባቢ ሆኖም ሆነ ራቅ ብሎ ወጥቶ፣ 86 ሚሊዮን። ይህ ሁሉ ሰው ግን እንደ አዳኙ በስሙ የሚመዘገብ መዋጮ አልነበረውም። በ1990ዎቹ በባይነኩላር፣ በድንኳን፣ ለወፍ በሚሰጥ ጥራጥሬ ላይ ትንሽ ታክስ ይጣል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የዕቃው አምራቾች ተቃወሙ፣ ሐሳቡም ወደቀ። እኔ ያ ታክስ ቢያልፍ ኖሮ ዛሬ አንቺ ሰሌዳ ፊት ቆመሽ አትቸገሪም ነበር ብዬ አምናለሁ። ገንዘቡ ሱቅ ላይ ይከፈል ነበርና። አሁን ግን የመጠለያ ፓስ የገዛ ሁሉ «እኔም አለሁ» ማለት ይችላል። የኮሎራዶ የፓርክና የዱር እንስሳት ኮሚሽን ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው። አስተያየት ይቀበላል። ፓስሽን ይዘሽ ስለ ቤተሰብ ዋጋ መጠየቅ ያለብሽ እዚያ ነው።

የባህር ምሳሌ ልጨምርና ወደ አባትሽ ጥያቄ ልለፍ። በካሪቢያን ባህር ቦኔር የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ዙሪያዋ ያለው የኮራል ድንጋይ ከ1979 ጀምሮ የባህር ፓርክ ነው። ሲጀመር በእርዳታ ገንዘብ ነበር። እርዳታው በ1980ዎቹ አጋማሽ አለቀና ፓርኩ በወረቀት ብቻ ቀረ። በ1992 ጠላቂ ዋናተኛ ሁሉ 10 ዶላር እንዲከፍልና የፕላስቲክ መለያ ዕቃው ላይ እንዲያንጠለጥል ተደረገ። ዋና የሚያስተምሩና ዕቃ የሚያከራዩ ሰዎች መጀመሪያ ላይ እንግዳ ይሸሽብናል ብለው ሰጉ። እንግዳው አልሸሸም። ሰው መለያውን በኩራት ያንጠለጥለው ጀመር። ፓርኩም የእርዳታ እጅ ከማየት ወጣ። ለዚህ የረዳው አንድ ነገር ነው። ገንዘቡ ያንን ኮራል ለሚጠብቀው ድርጅት በቀጥታ ይገባል።

አሁን ወደ አባትሽ። ‹አገራችንም እንዲህ ቢደረግ እንስሳቱ ይተርፉ ነበር› ላሉት ግማሹን እስማማለሁ።

ሰንቀሌ የሄድኩበትን ቀን አልረሳም። ከሻሸመኔ ወደ ምዕራብ፣ በአጄ በኩል ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለቆርኬ ተብሎ የተከለለ ነው። የስዋይን ቆርኬ የሚባለው ዓይነት ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ አገራችን ውስጥም በዋናነት ሰንቀሌና ማዜ ብሔራዊ ፓርክ ላይ ነው የቀረው። የሰንቀሌው ክልል ስፋት ዛሬ 54 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማለዳ ነበር የደረስነው። ሣሩ ጤዛ ይዞ ሱሪያችን እስከ ጉልበት ረጠበ። የቦታው ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ ጣቱን አልቀሰረም፤ በአገጩ ነው ያሳየኝ። ኩይሳ ላይ አንድ ወንድ ቆርኬ ቆሟል። ፊቱ ረጅም ነው፣ ገላው ቀይ ዳማ። ሌሎቹ ሥሩ ይግጣሉ፣ እሱ ይጠብቃል። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ የከብት ደወል ይሰማል። ከብቶቹ ገብተዋል። ስካውቱን ለምን አታስወጣቸውም አልኩት። «የጎረቤቴ ናቸው» አለኝ። ከዚያ ሄዶ አስወጣቸው። ማታ ከዚያው ጎረቤቱ ጋር ቡና ይጠጣል።

እዚያ ቦታ በ1991 መንግሥት ሲለወጥ በነበረው ግርግር በሺዎች ይቆጠር የነበረው ቆርኬ ወደ ጥቂት መቶዎች ወርዷል። ኋላ እንደገና አንሰራራ። ያንሰራራው ግን በጎብኚ ብር አይደለም። ሰንቀሌ የሚሄድ ጎብኚ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ስንቱ ሰው ስሙን እንኳ አልሰማም። ጎብኚ በሌለበት መለያ ብንሸጥ የሚሰበሰበው ለሁለት ስካውት ደሞዝም አይበቃም። እዚያ ያለው ችግር የግጦሽ ነው፣ የእርሻ ነው። ስለዚህ አባትሽ ያዩትን ሰሌዳ ወስደን ሰንቀሌ ብንተክለው ብቻውን ቆርኬውን አያድንም።

ብዙ ጎብኚ ባለበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሩዋንዳን እዪ። ጎሪላ ለማየት አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት የሚከፍለው ከ2017 ጀምሮ 1,500 ዶላር ነው። ከዚያ በፊት 750 ነበር። ዋጋውን እጥፍ ሲያደርጉ ከፓርኮች ገቢ ለአካባቢው ሕዝብ የሚሰጠውን ድርሻም ከ5 በመቶ ወደ 10 በመቶ አሳደጉት። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ ይሠራበታል። የተራራ ጎሪላ በሩዋንዳ፣ በኡጋንዳና በኮንጎ ተደምሮ ከ1,000 በላይ ደርሷል። ለዚህ የደረሰው በሐኪሞች፣ በጠባቂዎችና በሌሎች ብዙ ሰዎች ድካም ነው፤ የትኬቱ ገንዘብም ድርሻ አለው። ግን 10 በመቶም ለእኔ ትንሽ ናት። ጎሪላ ሰብሉን ያበላሸበት ገበሬ ከዘጠና በመቶው ማን እንደሚጠቀም መጠየቁ አይቀርም።

እኛ ጋ ከሩዋንዳ የሚቀድም ምሳሌ አለ። መንዝ ነው፤ ጓሳ። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳን በራሳቸው ደንብ ጠብቀው እንደኖሩ ይነገራል። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን ይሆናል፣ ገመድ ይወጣዋል። አባቶች አካባቢውን ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያጭዳል። ደንቡን ያፈረሰ ይቀጣል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው በዚያ ሣር ውስጥ ተረፉ። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፣ ጓሳውም ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ እንደገና ያዘው። ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ይከፍላል፣ ማደሪያውም የማኅበረሰቡ ነው።

ይህን ለአባትሽ ንገሪያቸው። ከኮሎራዶው ሰሌዳ መቅዳት ያለብን ዋጋውን አይመስለኝም። ያችን የ1937ቱን አንቀጽ ብንቀዳት ነው ደስ የሚለኝ። ከእንስሳው ስም የተሰበሰበ ገንዘብ ከእንስሳው ሥራ አይውጣ የምትለዋን፤ እኛ ደግሞ የአካባቢውን ሰው እንጨምርባት። በሩ ላይ የተቆረጠው ትኬት ወደ ሩቅ ካዝና ገብቶ ስካውቱ ጫማ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ጎረቤቱም ከብቱን ለምን እንደሚያስወጣ አይገባውም። እኔ ሰንቀሌ ላይ መለያ ቢሸጥ ግማሹ ለስካውቶቹ፣ ግማሹ ለከብቶቹ ባለቤት መኖ ቢሆን እመርጣለሁ። ውጭ አገር ያለን ሰዎች ደግሞ ሳንሄድ መለያ መግዛት ብንችል፣ የአንድ ዓመት የሰንቀሌ መለያ ከአውሮራ ሆነን ብንገዛ፣ ጎብኚ የለም ያልኩትን ጉድለት በከፊል ይሞላዋል። እዚህ አገርም ዳክዬ የማያድኑ ሰዎች የዳክዬውን ቴምብር ፖስታ ቤት ሄደው ይገዛሉ። ረግረጉን ስለሚወዱ ብቻ። አንቺም መግዛት ትችያለሽ። ቴምብሩን የያዘ ሰው የመግቢያ ክፍያ ያለባቸውን የፌዴራል መጠለያዎች በነፃ ይገባል።

አባትሽ ወደ አገር ቤት ከመመለሳቸው በፊት አርሰናሉን አሳዪያቸው። ከቻልሽ በማለዳ ሂዱ። ባይሰኖቹ ባሉበት ክፍል ከመኪና መውረድ አይፈቀድም፣ መስኮት ዝቅ ማድረግ ግን ይበቃል። አንዳንዴ መንገዱን ራሳቸው ይዘጉታል። ሞተሩን አጥፍታችሁ ጠብቁ። ሲያልፉ ትንፋሻቸው ይሰማል።